መረሬ ላይ ሴፕቲክ ታንክ ለሠራችሁ

የጠያቂያችን ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ገላን አካባቢ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ፣ ስድስት አባወራ በጋራ የሚጠቀምበት ሴፕቲክ ታንክ ክረምት በገባ ቁጥር ሞልቶ ግቢው ላይ ይገነፍላል። ግንበኛው «ሦስት ሜትር ጨምረን እንቆፍር» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ደለል ይበላል የሚባለውን የባክቴሪያ ዱቄት ጨምሩበት ይላል። ጠያቂው ራሱ አንድ የባህር ዳርቻ መንደር ፍሳሹን በተክል ሲያጣራ በቪዲዮ አይቶ ልቡ ወደዚያ ሄዷል።

ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው መስመር የቧንቧ ሥራ እንጀራዬ ነው። መጀመሪያ ግንበኛውን አስቁሙት።

ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ አሠራሩ ነው። ደለሉ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ውሃ በገባው ልክ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይወጣል። እናንተ ጋ ውሃው መሄጃ አጥቷል። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ዝናብ ሲጠግብ አብጦ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሦስት ሜትር ብትወርዱም ብዙ ጊዜ የምታገኙት ያንኑ መረሬ ነው። ባለሙያ ነኝ ባይ በየካቲት ውሃ አፍስሶ «ይሰርጋል» የሚላችሁ በስንጥቁ ተታሎ ነው። ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይጎድል አድርጉ። ጠዋት እንደገና ሞልታችሁ እዩት። በሰዓት አንድ ጣት እንኳ ካልወረደ እዚያ መቆፈር ብር መቅበር ነው።

ዱቄቱን ተዉት። ደለሉን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ከሰገራው ጋር በነጻ ይገባሉ። ውሃ የሚያጠፋ ዱቄት ደግሞ የለም።

አሁን ወጪ የሌለውን ሥራ ልንገራችሁ። የጣሪያው አሸንዳ ወዴት እንደሚወርድ ተከታተሉ። ቧንቧ ለመቆጠብ ብሎ ከፍሳሹ ማንሆል ጋር የሚያገናኘው ግንበኛ ብዙ ነው። በክረምት ብቻ የሚገነፍል ታንክ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን የአሸንዳ ግንኙነት ነው። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱና መውጫው ላይ ቲ ቧንቧ፣ ማለትም አንዱ እግሩ ከቅባቱ በታች የሚወርድ የT ቅርጽ ያለው ቧንቧ፣ መኖሩን እዩ። ከሌለ ቅባቱ በቀጥታ ማስረጊያው ገብቶ ይደፍነዋል። ጠላ የሚጠመቅበት ግቢ ከፍቼ አተላው ከላይ በአካፋ የሚነሳ ቅርፊት ሠርቶ አይቻለሁ። አተላ ለከብት ነው እንጂ ለሽንት ቤት አይደለም! ደግሞ አደራ፣ ባዶ ቢመስልም ማንም ውስጥ እንዳይገባ። ጋዙ ይገድላል፤ ሊያወጣ የገባውንም ያስቀራል።

ቦቴ ስትጠሩ ቆማችሁ እዩ። ላይ ላዩን ውሃ መጦ የሚሄድ አለ። መነሳት ያለበት ከሥር ያለው ደለል ነው፤ የታንኩን ሲሶ ከያዘ ጊዜው ደርሷል።

ወደ ቪዲዮው ስንመጣ፣ የባህር ዳርቻ ችግር የእናንተ ተቃራኒ ነው። አሸዋ ውሃውን በቅጡ ሳያጣራ ቶሎ ያሳልፈዋል፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ ነው። መፍትሔው ግን ለእኛም ይሆናል፤ ሥራውን የሚሠራው መሬቱ አይደለማ። ከታንኩ ቀጥሎ 60 ሳንቲም ያህል ጥልቀት ያለው፣ ውሃ የማያሳልፍ ገንዳ ይሠራል። ጠጠር ይሞላል፤ ደንገል ወይም ፊላ ይተከልበታል። ውሃው ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ ብዙም አይሸትም፣ ትንኝም አይራባበትም። ቦታ ግን ይበላል። ለአንድ ሰው 2 ካሬ ብታስቡ፣ ለ30 ሰው 60 ካሬ ነው። ስድስታችሁ ቁጭ ብላችሁ የማን አጥር ጥግ እንደሚወሰድ ሳትስማሙ ጠጠር አታስጭኑ። በዚህ የተጣላ ሰፈር አውቃለሁ።

ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት። የዚህ አካባቢ ቦይ አብዛኛው መጨረሻው አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ለዛፍና ለሣር አጠጡት። ጀርሙ ሁሉ ስላልሞተ ለሰላጣና ለቆስጣ አይሆንም።