ለ1/8 ቡጊ ውድድር፦ ዋጋው የማይጎዳ የናይትሮ ሞተር የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ሞተር የሌለው 1/8 ቡጊ፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና አንድ ስምንተኛ የሚያህል፣ በሪሞት የሚነዳ የአፈር ሜዳ መኪና ገዝቻለሁ። በክለብ ውድድር መጀመር እፈልጋለሁ፤ አቅሜ ግን ውስን ነው። ሦስት ሞተር ቀርቦልኛል። አንዱ አዲስ ባለ 28 ነው፤ በገመድ ተስቦ ይነሳል፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ያስደነግጣል። ሁለተኛው ያገለገለ ውድ የውድድር ሞተር ነው፤ ሻጩ ብዙም አልሠራም ይላል። ሦስተኛው አዲስ ባለ 21፣ ባለ ሦስት ፖርት (ነዳጅና አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት ቀዳዳ)፣ ሰው ተራ የሚለው ነው። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዙ ነበር?»

መልስ፦ 28ቱን እርሳው። ሞተሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለውድድር ስለማይሆንህ ነው። 21 የሚባለው 3.5 ሲሲ ገደማ ነው፤ 28ቱ ደግሞ ወደ 4.6 ሲሲ ይጠጋል። ዓለም አቀፉ የሞዴል መኪና ውድድር ፌዴሬሽን ኢፍማር ለ1/8 ቡጊ ያስቀመጠው ጣሪያ 3.5 ሲሲ ነው። ክለቦችም አብዛኞቹ ይህንኑ ይከተላሉ። ገዝተህ ሜዳ ስትደርስ «ይሄ አይገባም» ከምትባል ካሁኑ ተወው።

ሳጥን ላይ ስለሚጻፈው የፈረስ ጉልበትም ብዙ አትጨነቅ። በየትኛው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ቱቦ)፣ ነዳጁ ውስጥ በስንት ፐርሰንት ናይትሮሜታን፣ በስንት ዙር እንደተለካ የሚነግርህ የለም። አፈር ሜዳ ላይ ደግሞ ሰዓት የምታተርፈው ከኩርባ ስትወጣ ነው። ነዳጅ ስትሰጠው ጎማውን በከንቱ የሚያሽከረክር ሞተር ጀማሪን ያደክማል እንጂ አያስቀድምም። የገመዱም ነገር አለ። አዲስ ሞተር ጥብቅ ነው፤ ገመዱን እየጎተትክ ስትታገል ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ ከኋላ ያለው የአንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ መንሸራተት ይጀምራል። ተወዳዳሪዎች መኪናውን ከላዩ አስቀምጠው ሞተሩን በሚያዞር ማስነሻ ሳጥን የሚያስነሱት ወደው አይደለም።

ያገለገለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው።

እነዚህ ሞተሮች ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) የላቸውም። አሉሚኒየም ፒስቶን ክሮም በተቀባ የነሐስ ካሚቻ (የሲሊንደር እጅጌ) ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ካሚቻው ወደ ላይ ሲሄድ በጥቂቱ ይጠባል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያዝ ይደረጋል። ሲሞቅ ነሐሱ ከፒስቶኑ ይበልጥ ስለሚሰፋ በልኩ ይገጥማሉ። ሞተሩ አየርና ነዳጁን አጥብቆ የሚጨምቀው እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ስትሄድ የካንዴላ መፍቻ ያዝ። ሞተሩ መቀዝቀዙን አረጋግጥ። ካንዴላውን ፍታና ቮላኖውን (ከሞተሩ ፊት ያለውን ክብ ብረት) በጣትህ ቀስ ብለህ አዙር። ፒስቶኑ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ ሊይዝህ ይገባል። ሳይዝህ ለስለስ ብሎ ካለፈ ተበልቷል። እንዲህ ያለው ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ ይሆናል፤ ሲሞቅ ግን ነዳጅ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ይጠፋብሃል። መልሶ ለማስነሳትም መከራ ነው። ፒስቶን፣ ካሚቻና ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) አንድ ላይ ስትገዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተራ አዲስ ሞተር ዋጋ አይርቅም።

ጥብቅ ሆኖ ቢይዝህም አትቸኩል። አንዳንዴ ያለቀ ካሚቻ ከላይ ተጨምቆ እንደገና እንዲጠብ ይደረጋል። በደንብ ከተሠራ ነውር የለውም፣ ግን ሻጩ ሊነግርህ ይገባል። በጭስ ማውጫው ቀዳዳ አጮልቀህ ፒስቶኑን እይ። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ካሉ አቧራ ገብቶበታል፤ የአየር ማጣሪያው ሳይዘየት ተነድቷል ማለት ነው። የኋላ ክዳኑን ካስፈታህ ቢዬላውን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው፤ ክፍተቱ በእጅህ ከተሰማህ መቀየር አለበት። የኋላውን ኩሽኔታም ተመልከት። ቡናማ የዝገት ነጥብ ካየህ ሞተሩ ነዳጅ ውስጡ እንዳለ ተቀምጦ ከርሟል። ሻጩ ካንዴላ አታስፈታም ካለህ መልሱን አግኝተሃል።

ይህን ሁሉ ካለፈና ዋጋው ከአዲሱ ባለ 21 በግልጽ ካነሰ ውሰደው። ካልሆነ ምርጫዬ ሦስተኛው ነው።

ባለ ሦስት ፖርት መሆኑ አያሳስብህ። አምስትና ሰባት ፖርት ያለው ላይኛው ዙር ላይ ይበረታል፤ ነዳጅም ይጠጣል። በቡጊ የሚፈቀደው ታንክ 125 ሲሲ ብቻ ነው። ረጅም ፍጻሜ ላይ ነዳጅ ለመሙላት አንድ ጊዜ አንሶ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ፖርቱ ከታች ለስላሳ ነው፤ መኪናውን መቆጣጠር ይቀልሃል። የካርቡራቶሩን አፍ የሚያጠበውን ቀለበት ትንሹን ብታደርግለት ደግሞ ይበልጥ ይረጋል።

ከመክፈልህ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቅ። መጀመሪያ የክራንክሻፍቱ ጫፍ ከፍሪሲዮንህ ጋር ይገጥማል ወይ? በ1/8 ቡጊ የተለመደው ኤስጂ የሚባለው የጫፍ ዓይነት ነው። ካንዴላው ቱርቦ (መቀመጫው ሾጣጣ የሆነ) ነው ወይስ ተራ? ሁለቱ አይለዋወጡም። ከሁሉ በላይ ፒስቶንና ካሚቻ፣ ቢዬላና ኩሽኔታ ለብቻቸው ይገኛሉ ወይ? መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ሞተር የአንድ ወቅት ዕቃ ነው። እንደ ጃፓኑ ኦኤስ ወይም እንደ ጣሊያኖቹ ፒኮና ሬድስ ካሉ በውድድር ስም ካላቸው ፋብሪካዎች ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ሞዴል ካገኘህ፣ ስሙን ከማታውቀው ሞተር ትንሽ ቢወደድም ይሻልሃል። የሴራሚክ ኩሽኔታ ግን ለጊዜው አያስፈልግህም። የብረቱ ሲያልቅ ያኔ ትቀይረዋለህ።

የተረፈህን ገንዘብ ማርሚታ ላይ አውለው። ብዙ ጊዜ ማርሚታና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማኒፎልድ ከሞተሩ ጋር አይሸጡም፤ ይህን ሳያስቡ በጀታቸውን የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። ውድድር የሚፈቅደው፣ የአውሮፓ ፌዴሬሽን የኤፍራ ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን። መካከለኛ ሞተር ከጥሩ ማርሚታ ጋር፣ ውድ ሞተር ካልተስማማው ማርሚታ ጋር ሲወዳደር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ያሸንፋል። ነዳጅ ላይ ግን የተቀላቀለበት ዘይት ያነሰውን ርካሽ እያልክ አትግዛ፤ ቢዬላው ያለቅስብሃል።

አዲሱን ስታለማምድ በብርድ አትጀምር። ጭንቅላቱን በፀጉር ማድረቂያ ወደ 70 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው፣ ከዚያ አስነሳው። ነዳጁ በዛ ብሎ ይሥራ፣ ሙቀቱ ግን ከ90 ዲግሪ አይውረድ። ቀዝቅዞ ሲሠራ ያ ጥብቅ ጫፍ ነው የሚበላው። ስታጠፋው ቮላኖውን አዙረህ ፒስቶኑን ወደ ታች አድርገህ ይቀዝቅዝ። ማታ ደግሞ ታንኩን ገልብጠህ፣ ውስጡ የቀረውን ነዳጅ አቃጥለህ ጨርስና ጥቂት የማቆያ ዘይት ጨምርበት። ነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ ኩሽኔታው የሚዝገው መኪናው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።