ቃሉን መመርመር ወይስ ነገሩን?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የታወቁ ንግግሮችን እያነበቡ ተናጋሪው አድማጩን በምን ዘዴ እንደሚያሳምን እንዲተነትኑ አደርጋለሁ። በቅርቡ አንድ ባልደረባዬ «ልጆቹ ቃል ሲፈለፍሉ ነገሩን ሳቱት» አለኝ። ለመሆኑ የንግግር ጥበብ ትንተና ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣልን?

መልስ፦ ይበልጣል፤ ሆኖም ባልደረባዎ ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የማሳመኛ መንገዶችን ተናጋሪው በሚያሳድረው አመኔታ፣ በአድማጩ ስሜትና በነገሩ ማስረጃ ከፍሎ አይቷቸዋል። ይህ ዓይን ምን እንደሚያሳይ ለማወቅ የዳግማዊ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ይውሰዱ። «ያገሬ ሰው ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ይላል። ማዘዝ የሚችል ንጉሥ «አልበደልሁህም» ብሎ ሳይደመድም «አይመስለኝም» ማለቱ ቅር ለተሰኘው ሰው ቀዳዳ ይተውለታል። «እናንተ» ሳይሆን «አንተ» በማለቱም አዋጁን ከሕዝብ መካከል ቆሞ የሚሰማው ሰው ሁሉ ለብቻው የተጠራ ያህል ይሰማዋል። ጉልበት የሌለውም በሐዘን እንዲረዳ ስለተጠየቀ ከጥሪው ውጭ የሚሆን ሰው የለም። በማርያም ስም የተማለበት ማስፈራሪያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ልመናው ልመና መሆኑ ይቀር ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ «ሠራዊቱ የዘመተው ቃሉ ስላማረ ነው» ብሎ ሲጽፍ ነው። በዚያ ዘመን መሬት የያዘው ሰው የመዝመት ግዴታ ነበረበት፤ መኳንንቱም የየራሳቸው ጦር ነበራቸው፤ ይህ ደግሞ ከአዋጁ ቃላት ውስጥ አይገኝም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያሰሙትም ንግግር በአርስቶትል መስፈርት ቢመዘን እንከን የሚወጣለት አይመስለኝም። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ ማኅበሩም በዚያው ክረምት በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ትንተናው ንግግሩ እንዴት እንደተሠራ ያሳያል እንጂ አድማጩ ምን ጥቅም ይዞ እንደተቀመጠ አይነግረንም።

ሌላው ጉድለት እውነቱን ይመለከታል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገዙ ሻጩ «አሁን ከሐይቁ የወጣ ነው» ቢልዎ፣ «አሁን» የምትለው ቃል እንዴት እንደምታስቸኩል መተንተን ይችላሉ፤ ዓሣው ትኩስ መሆኑን የሚያውቁት ግን ስንጥቡን ገልጠው ቅላቱን ሲያዩ ነው። (ሻጩ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ ብቻ ውሸታም ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ትንተና የለመዱ ወጣቶች ግን በዚህ ጥርጣሬ ቶሎ ይያዛሉ።)

ስለዚህ ትምህርቱን አይተዉት። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ይስጧቸውና መጀመሪያ እንደ ልማድዎ ያስተንትኗቸው፤ ቀጥሎ አንደኛው ጥሪ ሰሚ ሲያገኝ ሁለተኛው ለምን እንዳጣ ከታሪክ መምህሩ ጋር ሆነው ይጠይቋቸው። ባልደረባዎ የታሪክ መምህር ከሆኑማ ሥራው ተቃለለ።