በጡረታዬ ለምን መጻፍ ጀመርኩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ እንዴት አማረዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

እውነቱን ልናገር? የጀመርኩት ስልክ ስለሰለቸኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ፓምፕ ስጠግን ኖሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ መሣሪያውን አስረከብኩ፤ ስልኬ ግን እኔው ጋ ቀረ። ማታ ማታ ይጮኻል። «ፓምፑ ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል። ኩሽኔታውን ቀየርነው፣ አሁንም ያው ነው» ይሉኛል። «የመምጠጫውን ማጣሪያ አይታችኋል?» እላለሁ። አላዩም። ሲያዩት በቆሻሻ ተደፍኗል። በአንድ ወር ውስጥ ይህንኑ ለአራት ሰው ካስረዳሁ በኋላ፣ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል አልኩ። ስንፍና በሉት።

ቁጭ ብዬ «ማጣሪያው ሲደፈን ፓምፑ ይንኮሻኮሻል» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ምክንያቱም» አልኩና እጄ ቆመ።

ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ጆሮዬን አምኜ ነው። ድምፁን ስሰማ ችግሩን አውቀዋለሁ። ድምፁ ከምን እንደሚመጣ ግን በቅጡ አላውቅም። በስልክ ሲሆን «ለምን?» ብሎ የሚይዘኝ አልነበረም። ጽሑፍ ግን ያፋጥጣል። ያላወቃችሁትን ቦታ ዘልላችሁ ማለፍ አትችሉም፤ ብትችሉም ክፍተቱ ያስታውቃል።

ስለዚህ እንደ ተማሪ ማንበብ ጀመርኩ። የመምጠጫው መስመር ሲታፈን ግፊቱ ይወርዳል። በጣም ከወረደ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል። አረፋው ፓምፑ ውስጥ ግፊት ወዳለበት ሲደርስ ድንገት ይከስማል። ያ የጠጠር ድምፅ የዚያ መክሰም ድምፅ ነው። ውሎ ሲያድር ብረቱን እየቦረቦረ ይበላዋል። ካቪቴሽን ይባላል። ስሙን ድሮም አውቀው ነበር። የሸወደኝም እሱ ነው፤ ስሙን ስለማውቅ ነገሩን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ጽሑፌ ላይ ደግሞ ተዋረድኩ። «ፓምፕ ከበታቹ ያለን ውሃ ከ10 ሜትር በላይ መጥጦ ማውጣት አይችልም» ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። አንድ የማላውቀው ወጣት መልስ ላከልኝ። «ጋሼ፣ እሱ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል» ይላል። ልጁ ልክ ነው። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም። እሱ ቦታውን ያስለቅቃል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው አየሩ ነው።

ጽሑፉን ላጠፋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ኋላ ግን እርማቱን ከሥሩ ጨምሬ ተውኩት። አሁን ሰው የሚያነበው ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እርማቱን ይመስለኛል። እናንተም እንዲህ ያለ ቀን ይመጣባችኋል፤ አታጥፉት። በሥራ ላይ እያለሁ ለዚህ ድፍረቱ አልነበረኝም። አለቃ ነበርኩ፤ አለቃን ማን ያርማል?

ይህን የአየር ነገር ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር አለ። ቶሪቼሊ የተባለው ጣሊያናዊ በ1644 እ.ኤ.አ. ሮም ላለው ወዳጁ ለሪቺ ደብዳቤ ጻፈ። በአየር ባሕር ወለል ላይ ሰጥመን ነው የምንኖረው ይለዋል። አየር ክብደት እንዳለው ያስረዳው እንዲህ ለአንድ ወዳጅ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። እኔም ስጽፍ አንድ ሰው ፊቴ አስቀምጣለሁ። ማታ የሚደውለውን ልጅ። ለሕዝብ ስጽፍ ቋንቋዬ ኮት ይለብሳል፤ ለእሱ ስጽፍ ግን በቀጥታ እናገራለሁ።

የኛ ትውልድ በአማርኛ ላለመጻፍ ሌላም ሰበብ ነበረው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት፣ ያው ፎንት ከሌለ፣ ትርጉም የሌለው የምልክት ጋጋታ ይሆን ነበር። ብዙዎቻችን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመድን፤ ልማዱም ቶሎ አልለቀቀንም። ዛሬ ፊደሉ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ስለ ካቪቴሽን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሞልቷል። ለእኔ የሚደውለው ቴክኒሺያን ግን ሲጨንቀው የሚያስበው በአማርኛ ነው።

ሁለት ተራ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎቼን ያስቀመጥኩበት አገልግሎት አንድ ቀን ተዘጋ፤ ግማሾቹ አብረው ጠፉ። የምትጽፉትን ቅጂ እናንተው ዘንድም አስቀምጡ። የደንበኛችሁንና የመሥሪያ ቤታችሁን ጉዳይ ደግሞ ለራሳችሁ ያዙት፤ ስለ ማሽኑ ለመጻፍ የባለቤቱ ስም አያስፈልግም።

ስልኩ ቆመ ብላችሁ እንዳታስቡ። አሁን የሚደውሉት ግን ጽሑፉን አንብበው፣ ማጣሪያውን ካዩ በኋላ ነው። ትናንት አንዱ «ጋሼ፣ ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ ቫልቩም ተከፍቷል፣ ግን ይንኮሻኮሻል» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን፤ አላገኘነውም። «ምክንያቱም» የሚለው ላይ እንደገና ቆሜያለሁ። ዛሬ ማታ ልጽፈው እሞክራለሁ።