የኋላው የሚወርድ ፕራዶ፦ የአየር ፊኛው ይቀየር ወይስ ሞላ ይግባ?

ሰላም ወንድማችን። የ2005 ፕራዶህ (120 የሚባለው ሞዴል) ማታ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠዋት የኋላ ግራው ተቀምጦ እንደምታገኘው፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ጭነህ ዘጌና ጢስ ዓባይ እንደምትመላለስ ጽፈሃል። ለምትሄድበት መንገድ ከአየር ፊኛው (የኋላውን በአየር ከሚሸከመው የጎማ ከረጢት) ይልቅ የብረት ሞላ ይሻልሃል። ግን ሳትለካ አንድም ዕቃ እንዳትገዛ።

ዛሬ ማታ ሜዳ ቦታ አቁመውና ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም በኩል ለካ። የከፍታ መቆጣጠሪያውን አጥፍተህ 12 ሰዓት አሳድረውና ድገመው። አንድ ጎን ብቻ ከወረደ የዚያ ጎን ፊኛ ወይም ቱቦው ነው። ሁለቱም ከወረዱ የአየር ቫልቩንና አየር የሚነፋው ኮምፕረሰር ጋ ያሉትን መጋጠሚያዎች ጠርጥር። ሌሊት ምንም ሳይወርድ ሞተር ሲነሳ ብቻ ከፍታው የሚዛባ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ አየር ላይ አይደለም፤ ከአክስሉ ጋር የሚያያዘው የከፍታ ሴንሰር ዘንግ ዝጎ ወይም ተጣሞ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ከሆነ ሞላም ፊኛም አያስፈልግህም።

ፊኛውን ለማየት መኪናውን ወደ ላይኛው ከፍታ አውጣው፤ ስንጥቁ የሚደበቀው ታችኛው እጥፋት ውስጥ ስለሆነ ዝቅ ባለበት አይታይም። ከስር ከመግባትህ በፊት ግን ሻንሲውን በብረት መቆሚያ ደግፍ፤ በፊኛ ብቻ የቆመ መኪና ስር አይገባም። አንድ እጅ ፈሳሽ ሳሙና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠህ እጥፋቱና የቱቦው መግቢያ ላይ ርጭ። አረፋ ካወጣ ያ ነው።

ፊኛ እዚህ ባሕር ዳር አካባቢ ቶሎ የሚሞተው በጭቃ ነው። በሐምሌና ነሐሴ የዘጌ መንገድ ጭቃ ወይም የፎገራ መረሬ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና መኪናው በነጠረ ቁጥር የፊኛውን ጎማ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ኮምፕረሰሩ ደግሞ የሚያፈስ ፊኛ ለመሙላት ያለ እረፍት ይሠራል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ፊኛውን ትቶ ኮምፕረሰር ብቻ የቀየረ ሰው አዲሱንም የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

በአየር ለመቀጠል ከወሰንክ ሁለቱንም ፊኛዎች አንድ ላይ ቀይር፤ ቀኙም የግራው እኩያ ነው። የኮምፕረሰሩን እርጥበት ማድረቂያም አብረህ አሳድስ። የአየር ትልቁ ጥቅሙ ባዶ ስትሆንም ሰባት ሰው ስትጭንም ከፍታውን እኩል መያዙ ነው፤ ተጎታች አዘውትሮ ለሚጎትት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሱቅ ስትጠይቅ ግን «ኤርባግ» ብቻ አትበል፣ የመሪውን ነው የሚያመጡልህ፤ «የኋላ የአየር ሞላ» በል።

ወደ ሞላው ልምጣ። የኋላ አክስልህ ላይ ሾክ አብዞርበሩ ከፊኛው ተለይቶ ስለቆመ ፊኛው ወጥቶ ሞላው በቦታው ይገባል። የሚያስፈልግህ የ120 ባለ 5 በር ሞላ 2፣ የላይና የታች የጎማ መቀመጫ፣ ፊኛው ሲወጣ አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚመክት ጎማ፣ እና ያለቀ ከሆነ ጥንድ ሾክ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሞላው ጥንካሬ ላይ ነው። ሞላ የሚመረጠው ሁልጊዜ መኪናው ላይ ባለው ክብደት ነው፤ ፖርቶ መጋላ፣ ተጨማሪ ታንክ፣ የዕቃ ሳጥን። የቅዳሜ ተሳፋሪ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በ400 ኪሎ ጭነት ታስቦ የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ከገባ የጢስ ዓባይ ኮረት ላይ የኋላ ጎማ እየዘለለ መሬት ይለቃል። ላንተ የፋብሪካው ወይም አንድ ደረጃ ጠንከር ያለው ይበቃል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞላ ካገኘህ ቀለበቶቹን አገላብጠህ እይ። አንዱ ሌላውን እየመታ ቀለሙን ልጦ ያብረቀረቀበት ቦታ ካለ ያ ሞላ ተኝቷል፤ ተወው።

ሥራው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። የፊት ጎማ ላይ ታኮ አድርግ፣ የከፍታ መቆጣጠሪያውን አጥፋ፣ በክሪክ አንሥተህ ሻንሲውን በሁለት መቆሚያ ደግፍ። የአየር ቱቦውን በዝግታ ላላ፤ አየሩ ጨርሶ ሳይወጣ ፊኛውን እንዳትነካ። የሾኮቹን የታች ብሎን ፈትተህ አክስሉን በክሪክ ቀስ ብለህ አውርድ፤ የፍሬኑ የጎማ ቱቦና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦ እንዳይወጠሩ ዓይንህን አትንቀል። ፊኛውን አውጥተህ ሞላውን ስታስገባ ጫፉ መቀመጫው ላይ ካለው እርከን ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ በየጉድጓዱ ይንቋቋል። የአክስል ክንዶችን (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙትን) ከፈታህ የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ አድርገው፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ውስጡ ያለው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀደዳል።

የኮምፕረሰሩን ፊውዝ አውጣ፣ ሽቦ ግን አትቁረጥ፤ ሶኬቶቹን በቴፕ ጠቅልለህ እሰራቸው። የከፍታው መብራት ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ብልጭ ሊል ይችላል፣ አያስደንግጥህ። የኤቢኤስ መብራት ከበራ ግን ከአክስሉ ጋር የተጎተተ ሽቦ አለና ተመልሰህ እይ። የፊት መብራቱንም ማታ ግድግዳ ላይ አብርተህ አስተካክል፤ የኋላው ከፍታ ሲቀየር መብራቱ ወይ ሰማይ ወይ መሬት ያያል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ደግመህ አጥብቅና ያንኑ የቸርኬና የፓራፋንጎ ልክ ለካ፤ አዲስ ሞላ ትንሽ ይረግባል፣ ግራና ቀኙ ግን እኩል መርገብ አለበት።