መልስ፦ «ተልኳል» እና «ተሸጧል» አንድ አይደሉም

ኩባንያው «ይህን ያህል ሚሊዮን ሸጥኩ» እያለ ሱቁ ውስጥ ኮንሶሉ (የቪዲዮ ጌም ማጫወቻው) ለምን ተከምሮ ይታያል ላልከው፦ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ለቸርቻሪ ያስረከበውን ነው። ካርቶኑ መጋዘን ቢያድርም ለእሱ ሽያጭ ነው።

የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ ያወጣውን «ዊ ዩ» የተባለ ኮንሶል ተመልከት። በኖቬምበር 2012 ወጥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 3 ሚሊዮን ገደማ ተላከ። ከኤፕሪል እስከ ጁን 2013 ግን በመላው ዓለም 160 ሺህ ብቻ! የገናውን ክምር ያልጨረሰ ሱቅ ለምን ደግሞ ይዘዝ? ቀድሞ የቀዘቀዘው ገዢው ነው፤ የትዕዛዙ መቀነስ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ግን የገዢውን ፍላጎት ለመለካት የቅድሚያ ምዝገባንም አትመን። ሱቅ ስሠራ ተመዝጋቢ በዛ ብለን እጥፍ አዘዝን፤ ለካ ያው ሰው ሦስት ሱቅ ተመዝግቧል። አሥራ አንድ ካርቶን እስከ ፋሲካ አቧራ ጠጣ።