ጉዳቱን ማን ይክፈል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ኩባንያዎች በሰው ጤናና በአካባቢ ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት እንዴት ይክፈሉ በሚለው ላይ ብዙ ጠይቃችኋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግብሩን የከፈለ ፋብሪካ ሌላ ምን ዕዳ አለበት?

መልስ፦ ግብሩንማ ወንዝ ያልበከለውም ይከፍላል። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ፋብሪካ የማጣሪያውን ወጪ ኪሱ ውስጥ አስቀረ፤ የሕክምናውን ከወንዙ በታች ያለው ሰው ከፈለ። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አርተር ፒጉ በ1920 ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው፦ በጉዳቱ ልክ ቀረጥ ይጣልበት።

ጥያቄ፦ መክሰስ አይሻልም?

መልስ፦ ክሱም ይኑር፤ ብቻውን ግን ይዘገያል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ ላይ ቺሶ የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ከ1932 ጀምሮ ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዓሣውን የበሉ ሰዎች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ምላሳቸው ይተሳሰር ጀመር። በሽታው በ1956 በይፋ ታወቀ፤ ፍሳሹ የቆመው ግን በ1968 ነው። ፍርድ ቤት ለተጎጂዎች የፈረደው ደግሞ በ1973። ይባስ ብሎ ኩባንያው ካሳውን መሸከም ሲያቅተው የኩማሞቶ አውራጃ አስተዳደር ቦንድ ሸጦ አበደረው። በዳዩን ለማቆየት የመንግሥት ገንዘብ! እኔ ክፍያው አስቀድሞ ይያዝ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አስቀድሞ እንዴት ይያዛል?

መልስ፦ በዋስትና። አሜሪካ በ1977 ባወጣችው ሕግ መሬት ገልጦ የድንጋይ ከሰል የሚያወጣ ድርጅት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት መሬቱን ለማደስ ዋስትና ያስይዛል። ጥሎ ከጠፋ መንግሥት በዚያ ያድሰዋል። ችግሩ ዋስትናው አንዳንዴ ከእድሳቱ ወጪ ያንሳል፤ እዚህ ላይ መጨቃጨቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቀረጡን ዋጋ ላይ ጨምረው እኛው ላይ አይጭኑትም?

መልስ፦ በከፊል አዎ፣ ምን ልዋሽ። ግን ያኔ በንጽሕና የሚያመርተው ተፎካካሪ ዋጋው የተሻለ ይሆንና ገበያው ወደሱ ይሄዳል። ስዊድን የካርቦን ቀረጥ፣ ማለትም ነዳጅ ሲቃጠል በሚወጣው ጋዝ ላይ የሚጣል ቀረጥ፣ የጀመረችው በ1991 ነው፤ የምትለቀው ጋዝ ቀንሷል፣ ኢኮኖሚዋም አድጓል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ሠርተውልናልኮ!

መልስ፦ እሰየው። ካሳ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ የተከፈለ ካሳ ከግብር ይቀነሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ስምምነቱ አጻጻፍ ነው። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለፈሰሰው ነዳጅ፣ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ2015 20.8 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። አብዛኛው «ቅጣት» ተብሎ ስላልተመዘገበ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ መቀነስ ይቻል ነበር። ስለዚህ የስምምነት ዜና ስትሰሙ በቁጥሩ ትልቅነት አትደነቁ፤ ስንቱ ከግብር ይቀነሳል ብላችሁ ጠይቁ።