ከጎንደር የመጡ የካትላብ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ስለ ካትላብ ስራ የላካችሁልኝ ጥያቄ ተጠራቅሞብኝ ነበር፣ አብዛኛው ደግሞ ከጎንደር ነው፣ ያገሬ ልጆች ስለሆናችሁ ነው መሰለኝ ሳትፈሩ ነው የምትጠይቁት ደስ ይላል። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ካትላብ ማለት ከእጅ አንጓ ወይ ከብሽሽት ባለ የደም ስር ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብተን በኤክስሬይ እያየን እስከ ልብ የምንሄድበት ክፍል ነው። እኔ እዛ ቴክኖሎጂስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ «ሐኪማችሁን ጠይቁ» ብዬ የማልፈው ነገር ይኖራል፣ አትቀየሙኝ።

«ነርስ ነኝ፣ አዘዞ ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው። ካትላብ መግባት ህልሜ ነው ግን ጓደኛዬ ራዲዮሎጂ ያልተማረ አይገባም አለችኝ፣ እውነት ነው?»

ጓደኛሽ ግማሹን ብቻ ነው የነገረችሽ እህቴ። ከሐኪሙ ውጪ ያለው ቡድን የሚሞላው በነርስም በራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስትም ነው። ራዲዮሎጂ የተማረው ማሽኑን፣ አንግሉን፣ የጨረሩን ዶዝ አውቆ ይመጣል፣ አንቺ ደግሞ መድሃኒቱንና በሽተኛ አያያዙን አውቀሽ ትመጫለሽ፣ ከዛ ሁለታችሁም የጎደላችሁን እዛው ስራው ላይ ትሞላላችሁ። አሜሪካ ለብቻው ትምህርት አለው፣ አርሲአይኤስ የሚባል የራሱ የሙያ ፈተናም አለው፣ እኛ ጋ ግን አብዛኛው ሰው የያዘውን ሙያ ይዞ ገብቶ ነው የሚሰለጥነው። ጎንደር እኮ በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሰለጥን የኖረች ከተማ ናት፣ መሰረቱን እዛው ነው የምትይዥው። አሁን ጤና ጣቢያ ሆነሽ ማድረግ የምትችይው ኢሲጂ፣ ማለት የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳየውን መስመር፣ ማንበብ ነው፣ በየቀኑ፣ ያገኘሽውን ሁሉ። ቪኤፍን፣ ማለት ልብ በስርአት መምታት ትቶ ዝም ብሎ የሚንቀጠቀጥበትን ሁኔታ፣ ሞኒተር ላይ በአይኑ ጥርቅም አድርጎ የሚለይ ሰው የትኛውም ካትላብ ይፈልገዋል። እድሉ ሲገኝ ደግሞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ሄደሽ እይ፣ በፈረንጅ 2009 የተከፈተው፣ ስራው ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ቆመሽ ካየሽ ከእኔ ወሬ ይሻልሻል።

«የራዲዮሎጂ ተማሪ ነኝ ከማራኪ። ጓደኞቼ የካትላብ ቴክኖሎጂስት በተን ተጫኝ ነው፣ ሁሉንም የሚሰራው ዶክተሩ ነው ይሉኛል።»

በተኑንም እንጫናለን እሱስ ልክ ነው። ግን ስማ፣ አንድ ኬዝ ላይ፣ ማለት አንድ በሽተኛ ሲሰራለት፣ ከኛ አንዱ ታጥቦ ጋውን ለብሶ ከሐኪሙ ጎን ይቆማል፣ አንዱ እቃና መድሃኒት ያቀብላል፣ አንዱ ደግሞ ሞኒተሩ ጋ ተቀምጦ የልብ ምቱንና ግፊቱን እየተከታተለ ይመዘግባል። ሶስተኛው ቦታ ላይ ያለውን ሰው ማንም አያየውም፣ እኔ ግን ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ምሳሌ ልስጥህ። እኛ አገር በልጅነት ቶንሲል ሳይታከም ቀርቶ በሩማቲክ በሽታ ማይትራል ቫልቩ (በግራ በኩል ያለው የልብ በር) የጠበበበት ወጣት ብዙ ነው፣ መቼም ከሰፈርህ አንድ ሰው አታጣም። ቫልቩ ለሱ የሚሆን ከሆነ ደረት ሳይከፈት ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ባስተዋወቀው ባሉን ይከፈታል። መከፈቱ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ከቫልቩ በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነት ከባሉኑ በፊትና በኋላ ተለክቶ ነው። ግፊቱን የሚለካው ትራንስዱሰር ደግሞ ልክ በልብ ከፍታ ላይ ሆኖ ዜሮ መደረግ አለበት፣ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ወደ 7 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚሆን የውሸት ግፊት ይጨምርልሃል። ሐኪሙ አልጋውን ከፍ አድርጎ ትራንስዱሰሩ ስታንዱ ላይ እዛው ከቀረ ወይ ሁለቱ ትራንስዱሰሮች እኩል ካልሆኑ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ኩርባ እያየህ የሚወጣው ቁጥር ውሸት ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ በዛ ቁጥር ነው «በቃ ይበቃዋል» ወይም «አንዴ ድገሙት» የሚለው። እስቲ ይሄን ለጓደኞችህ ንገራቸው።

«ልጄ ካትላብ ተቀጠረች ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ጎረቤት ጨረሩ መሃን ያደርጋታል ብለው አስፈሩኝ። ገና አልወለደችም። ላስተዋት?» እናት፣ ከአራዳ

እማማ አያስተዋት፣ ግን ጥንቃቄዋን ይጠይቋት። ጨረሩ በዋናነት የሚደርስብን በሽተኛው ላይ አርፎ ወደ ጎን ሲበተን ነው። ለዛ ነው እርሳስ ያለበት ኤፕሮን የምንለብሰው፣ አንገት ላይም እንደ ኮሌታ የምናስረው፣ ግማሽ ሚሊሜትር እርሳስ ከተበተነው ጨረር አብዛኛውን ያስቀረዋል። ርቀትም ትልቅ ነገር ነው፣ ከምንጩ እጥፍ ከራቀች የሚደርሳት ወደ ሩብ ይወርዳል። አለም አቀፉ መመሪያ ለሰራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በ5 አመት አማካይ በአመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ነው፣ የትኛውም አመት ከ50 ማለፍ የለበትም፣ መሃን የሚያደርገው መጠን ከዚህ በጣም በጣም ይርቃል።

እርግዝና ሲመጣ ነገሩ ይለያል። እንዳወቀች ወዲያው ለሃላፊዋ ትናገር፣ ደብቃ እንዳትሰራ፣ ከዛ በኋላ ለጽንሱ የተፈቀደው በቀረው ጊዜ በሙሉ 1 ሚሊሲቨርት አካባቢ ብቻ ነው፣ ሆዷ ላይ ከኤፕሮኑ ስር ሁለተኛ ባጅ ይሰጣታል። ባጅ ያልኩት የደረሳትን ጨረር የሚመዘግብ ትንሽ ነገር ነው። እና እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከመሃንነቱ ይልቅ የምጠይቃት ስለ አይኗ ነው፣ የእርሳስ መነጽር ታደርጋለች ወይ? ጨረር የአይን ሞራ ያመጣል፣ በፈረንጅ 2011 የአይኑን ጣሪያ በአመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት ያወረዱት በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞ ባጁን ሎከር ውስጥ ትቶ የሚገባ ጀግና በየቦታው አለ፣ ልጅዎ ከነሱ እንዳትሆን ቆጣ ብለው ይንገሯት፣ የእናት ቁጣ ከኛ ስልጠና በላይ ይሰራል።

«አዲስ ነኝ። አንድ ቀን ሐኪሙ ጎን ቆሜ መርፌው ውስጥ አረፋ ያየሁ መሰለኝ፣ ፕሮፌሰሩን ማቋረጥ ፈርቼ ዝም አልኩ። ምንም አልተፈጠረም ግን እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።»

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት ወንድሜ። ያቺ አረፋ ወደ ልብ ደም ስር ብትገባ ደሙን ትዘጋለች፣ ኢሲጂው ይዛባል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ቪኤፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ይሄን አንተም ስለምታውቅ ነው እንቅልፍ ያጣኸው። ችግሩ እውቀት አይደለም፣ አስተዳደጋችን ነው፣ ጎንደር ትልቅ ሰው እያወራ አፍህን ብትከፍት እናትህ በአይኗ ነው የምታስቀምጥህ፣ ያንን ይሉኝታ ይዘን ነው ካትላብ የምንገባው። ጥሩ ነገር ነው ይሉኝታ፣ ለሰርግና ለለቅሶ። አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ግን ያንተን ጨዋነት አይፈልግም፣ አይንህን ነው የሚፈልገው።

አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ኬዙ ሳይጀመር እጅ ስትታጠቡ «ፕሮፌሰር፣ አየር ካየሁ እጮሃለሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በላቸው። እምቢ የሚል ሐኪም እኔ አላጋጠመኝም፣ እንደውም ደስ ይላቸዋል፣ አንተም ፈቃዱን አስቀድመህ ስለያዝክ ሰአቱ ሲደርስ አንደበትህ አይታሰርም። ሰአቱ ሲደርስ ደግሞ «ይመስለኛል» ምናምን የለም፣ «አየር!» በቃ፣ አንድ ቃል። ተሳስተህ ከሆነ ያጠፋኸው ጥቂት ሰከንድ ነው። መርፌውን ራሱ ጫፉን ዝቅ እጀታውን ከፍ አድርገህ ያዝ፣ አረፋ ካለ ወደ ኋላ ይወጣልሃል። መድሃኒትም ሲታዘዝ መልሰህ ተናገር፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ታዞ «ሄፓሪን 5 ሺህ» ሲባል ሰጪው «ሄፓሪን 5 ሺህ ገብቷል» ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ መዝጋቢው እንዲሰማ። ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅ እኔ በምሰራበት ክፍል አይቆጠርም። ለፕሮፌሰሩ ደግሞ ያን ቀን ያየኸውን አሁንም ቢሆን ሄደህ ንገራቸው።

«አባቴን አዲስ አበባ ሄዶ አንጂዮግራፊ ይነሳ ብለውታል፣ እሱ ግን "ልቤ ውስጥ ሽቦ ከሚገባስ ቤቴ ልሙት" ብሎ እምቢ አለ። ምን ልበለው?»

ቨርነር ፎርስማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጅ 1929፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በራሱ ክንድ ደም ስር ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ገፍቶ በእግሩ ሄዶ ኤክስሬይ ተነሳ በለው። አልሞተም፣ በ1956 ኖቤል ተሸለመ። አባትህ ታሪክ ወዳድ ከሆኑ ይቺ ትሰራለች።

ሌላው፣ አንጂዮግራፊ ማለት የልብ ደም ስሮችን በኤክስሬይ ማየት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ የለውም፣ ቱቦው የሚገባበት ቦታ ብቻ ይደነዝዛል፣ ነቅተው እያወሩን ነው የሚሰራው። ደም ስሩ በኤክስሬይ እንዲታይ የሚያደርገው መድሃኒት ሲገባ ድንገት ሰውነታቸውን ሙቀት ሊወራቸው ይችላል፣ አንዳንዱ ሽንት ያመለጠው ይመስለዋል፣ ቀድሞ ካልተነገራቸው በጣም ነው የሚደነግጡት ስለዚህ ንገራቸው። መድሃኒቱ አዮዲን ስላለው ኩላሊት፣ አለርጂ፣ አስም ካለባቸው፣ የስኳር መድሃኒት በተለይ ሜትፎርሚን ከሚወስዱ ሳይጠየቁም ይናገሩ፣ ምን ይቁም ምን ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። በብሽሽት ከተገባ በኋላ እግራቸውን ሳያጥፉ ይተኛሉ፣ «ደህና ነኝ» ብለው እንዳይነሱ አንተ አጠገባቸው ሁን። አደጋ ጭራሽ የለውም አልልህም፣ ግን ለምን እንደታዘዘላቸው ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛው እምቢታ ምክንያቱ ስላልተነገረ ነው።

«አዲስ አበባ ካትላብ ገባሁ፣ ጥምቀት ላይ ኦንኮል (ሲጠሩኝ ወዲያው የምደርስበት ተራ) ደረሰብኝ። ጎንደር መቅረቱ ሳያንስ ጃንሜዳም አልሄድም ማለት ነው?»

አትሄድም። የልብ ደም ስር ድንገት የተዘጋበት ሰው ሆስፒታል ከደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ ደም ስሩ መከፈት አለበት ይባላል፣ ታቦት የሚያጅብ ሰው መሃል ገብተህ በዛ ሰአት መውጣት ዘበት ነው። ከጓደኛ ጋር ተቀያየር፣ ገናን አንተ ያዝለት።

«ኤፕሮኑ ወገቤን ጨረሰው፣ ምን ላድርግ?»

አንድ ወጥ ከሆነ ተዪው፣ ቀሚስና ከላይ የሚለበስ ባለ ሁለቱን ጠይቂ፣ ክብደቱ ግማሹ ዳሌ ላይ ያርፋል። ልክሽ ይሁን፣ የሰፋ ኤፕሮን ወገብም ይጎዳል በብብት በኩልም ክፍት ይተዋል። አንዱ ኬዝ አልቆ ሌላው እስኪጀመር አውልቂው፣ እሱን ለብሶ ቡና መጠጣት ምን የሚሉት ነው? ስታወልቂ ግን ወንበር ላይ አጥፈሽ እንዳትወረውሪው፣ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ከላይ አይታይም፣ በኤክስሬይ ተፈትሾ ነው የሚታወቀው። ክፍላችሁ መስቀያ ከሌለው ነገ ጠዋት ሃላፊሽ ጋ ገብተሽ መስቀያ ይገዛልን በይ።